ለቴአትር የተላከ ሽማግሌ

እኛ ዘፈን በጣም እንወዳለን፤ ዘፋኙ ግን የጎረቤት ልጅ እንዲሆንልን እንፈልጋለን። ሰርግ ደርሶ ዘፋኝ ከጠፋ ሙሽራዋ የጠፋች ያህል እንተራመሳለን። ሲመጣልን እናጨበጭባለን፣ ትከሻችን እስኪገነጠል እንጨፍራለን፣ «ኑርልን!» እንላለን። በማግስቱ ያው ሰው ልጃችሁን ዳሩልኝ ብሎ ቢመጣ ግን «የት አባቱ ያውቃታል! አዝማሪ!» ብለን በር እንዘጋበታለን። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ከገዛ ቤታችን አንዱ ልጅ ተነስቶ «እኔም መዝፈን እፈልጋለሁ» ያለ ቀን ነው። ያን ቀን ቤቱ ለቅሶ ቤት ይመስላል። አባትየው «ይሄ ነገር በእኛ ዘር የለም» ይላል፤ ዘሩን ከአያቱ ወዲያ ባያውቀውም።

ልጁ የሚፈልገው ሚውዚካል የሚሉትን ከሆነማ ጉዳዩ ይብሳል፤ አባትየው የሚከለክለውን ነገር ራሱን አያውቀውም። እኔም አላውቀውም ነበር። ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ቴአትር ነው። ሰዎቹ እንደ እኔና እንደ እናንተ ሲነጋገሩ ይቆዩና ነገሩ ልባቸው ጋ ሲደርስ ንግግሩን ትተው ይዘፍኑታል። የተጣላው እየዘፈነ ይጣላል። የሚሞተውም ዘፍኖ ሳይጨርስ አይሞትም። መጀመሪያ ስሰማ «ሰው ተናዶ ይዘፍናል እንዴ? እብደት ነው!» ብዬ ነበር። ኋላ ረጋ ብዬ ሳስበው አፈርኩ። የኛ ገበሬ በሬውን የሚያነጋግረው በዜማ አይደለም ወይ? የተቆጣ ሰው ቀረርቶ ያሰማ የለ? አልቃሽ ሙሾ ስታወርድ ግጥም ትገጥም የለ? ለማኙ እንኳ «ስለ ማርያም» የሚለው በዜማ ነው። ከልደት እስከ ሞት በዜማ የምንኖር ሰዎች ነን፤ ትኬት አንቆርጥበትም እንጂ።

ይህን ሁሉ የሚያስለፈልፈኝ የደምሰው ልጅ ማህሌት ናት።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና መጀመሪያ ደምሰውን ላስተዋውቃችሁ። የደብረ ብርሃን ሰው ነው። ወደዚህ አገር የመጣነው አብረን፣ በአንድ መንገድ፣ አንዱ ሲደክመው ሌላው ሻንጣ እየያዘ ነው። እኔ ጆበርግ ከተማ ውስጥ ዱርንፎንቴን የሚባል ሰፈር ቀረሁ፤ ብርድ ልብስና መጋረጃ በጅምላ እሸጣለሁ። እሱ ከከተማው ወጣ ብሎ ዳቬይተን ገብቶ ስፓዛ ከፈተ። ስፓዛ የሰፈር ሱቅ ናት፤ ከአገራችን ሱቅ የምትለየው በመረቧ ነው። ከባንኮኒው እስከ ጣሪያው ወፍራም የብረት መረብ ተጋርዶ መሀሉ ላይ እጅ የምታስገባ ቀዳዳ ትኖራለች። ደንበኛው በቀዳዳዋ ገንዘብ ያስገባል፣ በቀዳዳዋ ዳቦ ይወጣለታል። ባለሱቁ ደግሞ ዓለምን የሚያየው በአራት መዓዘን በአራት መዓዘን ተቆራርጣ ነው።

ማህሌት ተወልዳ ያደገችው ከዚያ መረብ ጀርባ ነው። አሁን አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ዙሉውን እንደ ሰፈሩ ልጆች ትናገረዋለች፣ እንግሊዝኛውን ከትምህርት ቤት አምጥታዋለች፣ አማርኛውን ከእናት ከአባቷ ወርሳዋለች፤ ስትቸኩል ሦስቱንም አንድ ላይ አቡክታ ታቀርብላችኋለች። አንድ ቀን ትምህርት ቤቷ ተማሪዎቹን መሀል ከተማ ወስዶ ሚውዚካል አሳያቸው። ልጅቱ ሄደች፤ ከዚያ በኋላ ተመለሰች ለማለት ይከብደኛል። ሥጋዋ ሱቅ ውስጥ ዳቦ ያቀብላል፣ ልቧ እዚያው ቀርቷል። ደንበኛ «ሁለት ሻማና አንድ ሳሙና» ሲላት ሻማውንና ሳሙናውን ዜማ አውጥታለት መልሳ ትዘፍንለታለች። በስልኳ ላይ ያየችውን ሁሉ የሴቱንም የወንዱንም፣ የባለ ጢሙንም የጠንቋይዋንም ድርሻ ብቻዋን ይዛ ትጫወተዋለች። የሰፈሩ አሮጊቶች ዳቦ ባይፈልጉም ወረፋ መያዝ ጀመሩ። ደምሰው ይህን ሁሉ ዝም ብሎ አየ። ከመረቡ ጀርባ እስከሆነ ድረስ ገበያ ይስባል ብሎ ነው።

ታዲያ ባለፈው ክረምት መሀል ከተማ ያለ አንድ የወጣቶች የቴአትር ቡድን አዲስ ሥራ ሊያሳይ ተጫዋች ይፈትን ነበር። ማህሌት ለጥናት ነው ብላ ሄዳ ተፈተነች። አለፈች። ያውም የዋናዋን ልጅ ድርሻ ነው የሰጧት! አዘጋጅዋ ግን አንድ ነገር አለቻት፦ ዕድሜሽ ገና ስለሆነ አባትሽ ራሱ እዚህ መጥቶ ፈቅጃለሁ ይበለኝ፤ እስከ ወሩ የመጨረሻ ዓርብ ካልመጣ ድርሻው ለሌላ ልጅ ይሰጣል።

ደምሰው እምቢ አለ። እምቢታ ደግሞ ይችልበታል። መጀመሪያ አዝማሪ አለ፣ ቀጥሎ ሱቅ አለ፣ ቀጥሎ አካውንቲንግ አለ፣ በመጨረሻ የሁላችንም ንጉሥ የሆነውን አመጣው፤ «ሰው ምን ይለኛል?» አለ። ይሄ ሰው የሚባል ፍጡር ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። ሲቸግረን አይመጣም፣ ስንታመም አይጠይቅም፣ ልጃችን ልትደሰት ስትል ግን ፊት ለፊታችን ቁጭ ብሎ እናገኘዋለን። ይበል! የፈለገውን ይበል! አፉ የሱ ነው፣ ልጅቷ የኛ ናት።

ግን ፍርድ እንዳላዛባ፣ ደምሰው የልቡን የተናገረው እነዚህ ሁሉ ካለቁ በኋላ ነው። «ስሚ» አላት፣ «እኛ እዚህ አገር የኖርነው አንገታችንን ደፍተን ነው። ዝም አይነቅዝም። የታየ ይመታል። አንቺ መብራት ሥር ወጥተሽ እዩኝ እዩኝ ልትዪ ነው?» ይህን የሚለው ከሜዳ ተነስቶ አይደለም። ማህሌት ሕፃን ሳለች ሰፈሩ ተነስቶ የውጭ ዜጋ ሱቅ ሁሉ ሲዘረፍ የሱም ተዘርፏል። ልጅቷና እናቷ የተረፉት ግቢውን የምታከራያቸው ጎጎ ኖምሳ አልጋዋ ሥር ደብቃቸው ነው። ጎጎ ማለት በዙሉ አያት ማለት ነው። አሮጊቷ ከዘራዋን ይዛ ደጃፏ ላይ ቆማ «እዚህ ቤት ከኔ በቀር ሰው የለም፤ እኔን ለመዝረፍ የመጣ የማን ልጅ ነው?» ስትላቸው፣ ሁሉንም ከነእናታቸው ስለምታውቃቸው አንድ ባንድ ዞረው ሄዱ። ደምሰው ከዚያ ቀን ወዲህ መረቡን ድርብ አደረገው። ስለዚህ ፈሪ አልለውም፤ የሚለው ፈሪ ራሱ ይሁን። ቢሆንም የአገራችን ሰው «አንገት ደፊ አገር አጥፊ» ሲል ዝም ብሎ አልተናገረም። አንገቱን የደፋ አባት የልጁን አንገትም አስደፍቶ ካላሳደገ እንቅልፍ አይወስደውም።

ሰኞ ከሰዓት ማህሌት የትምህርት ቤት ልብሷን እንደለበሰች ታክሲ ተሳፍራ ዱርንፎንቴን ሱቄ ድረስ መጣች። ከብርድ ልብሱ ክምር አጠገብ ቆማ ሰላምታዋን እንደ ወጉ ጨርሳ፣ «ጋሼ፣ ሽማግሌ እንዲሆኑኝ ነው የመጣሁት» አለችኝ።

ደነገጥኩ። እኔ በሽምግልና ስም ያለኝ ሰው ነኝ። ማን ሽማግሌ እንዳደረገኝ አላውቅም፤ ዕድሜዬ ሳይሆን ጋቢዬ ይመስለኛል። ዱርንፎንቴን ውስጥ ባልና ሚስት ሲጣላ፣ ሸሪክና ሸሪክ ሲካሰስ፣ ጎረምሳ ሚስት ሲያምረው እኔ ጋ ነው የሚመጣው። የራሷ ሲያርባት የሰው ታማስላለች እንዲሉ የራሴን ሚስት ማስታረቅ ግን እስከ ዛሬ አልተሳካልኝም።

«ማንን ወደሽ ነው?» አልኳት።

«ማንንም! አባዬ ጋ ሄደው ሚውዚካሉን እንዲፈቅድልኝ ይጠይቁልኝ።»

«ልጄ፣ ሽማግሌ የሚላከው ለጋብቻ ነው፤ ካልሆነም ለዕርቅ ነው። ለዘፈን ሽማግሌ የላከ ሰው ከተፈጠርኩ አልሰማሁም።»

«ጋሼ» አለችኝ፣ «አባዬ ለሁሉም ሰው እምቢ ይላል። ለእናቴ እምቢ ይላል፣ ለኔ እምቢ ይላል። ሽማግሌ እምቢ ሲል ግን አይቼው አላውቅም። ሽማግሌ ከረገጠው ቤት ባዶ እጁን አይመለስም ይላል፤ እኔ ከመረቡ ጀርባ ሆኜ ስንቴ ሰምቻለሁ! ጎረምሳ ሚስት አግብቼ በር ልዝጋባት ሲል ካልሄድን ብላችሁ ትሄዱለት የለ? ታዲያ ለመዝጋት ተልኮ ለመክፈት የማይላክ ምን ዓይነት ሽማግሌ ነው?»

እኔ ያገባሁ ሰው ስለሆንኩ ወደ ብርድ ልብሴ ዞሬ ማጣጠፍ ጀመርኩ።

ቀጥላ ዓይኗን ጨርቁ ላይ ተክላ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «እኔ ሰው ሁሉ በሽቦ ውስጥ ነው የሚያየኝ፣ ጋሼ። መድረኩ ላይ ሽቦ የለም። እዚያ አንድ ቀን ልቁም። ከዚያ ከፈለገ አካውንቲንግም እማራለሁ» አለች። አልቅሳ ቢሆን አባብዬ እሸኛት ነበር። አላለቀሰችም። እሺ አልኳት።

ሽማግሌ ብቻውን አይሄድምና ሐጂ ሸምሱ ጋ ሄድኩ። ሐጂ የስልጤ ሰው ናቸው፤ ከሱቄ ፊት ለፊት ብስኩትና ከረሜላ በጅምላ ይሸጣሉ፤ ደምሰውም ዕቃ የሚያነሳው ከሳቸው ነው። ዘፈን የሚባል ነገር ጆሯቸው አጠገብ አያደርሱም። ነገሩን ስነግራቸው መቁጠሪያቸውን አንድ ዙር ጨርሰው፣ «ዘፈን አልወድም። ግን ልጅ ደጅህ መጥታ ሽማግሌ ሁነኝ ብላ እምቢ ካልናት ነገ በኛ ማን ያምናል? እሄዳለሁ» አሉ። ሦስተኛዋን የመረጠችው ማህሌት ራሷ ናት፤ ጎጎ ኖምሳን። አማርኛ አታውቅም ብዬ ልከራከር አልኩ። ማህሌት እኔን አይታ፣ «ከአልጋዋ ሥር ያወጣችኝ እሷ ናት፣ ለኔ ማን ይቀርበኛል?» አለች። ኋላ እንዳየሁት ጎጎ የሚነገራት ነገር አልነበረም። በነሱም ባህል ልጅ ለጋብቻ ስትጠየቅ ጠያቂዎቹ አጥር ላይ ቆመው ይጣራሉ፤ ግቡ እስኪባሉ አይንቀሳቀሱም። አሮጊቷ በዚህ ሥራ ከኔ ትበልጣለች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሄድን። የጆበርግ ሐምሌ አጥንት ይሰብራል፤ ጋቢዬን አጣፍቻለሁ፣ ሐጂ ካፖርትና ቆብ፣ ጎጎ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ከዘራዋን ይዛለች። ደምሰው በሩን ከፍቶ ሦስታችንን በአንድ ላይ ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። «ግቡ፣ ተቀመጡ» አለ።

«ለጉዳይ ነው የመጣነው፤ ሳንሰማ አንቀመጥም» አልኩት።

ይህችን ሕግ የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ። ሽማግሌ ሊጠይቅ የመጣ ሰው መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም። እግሩ ቢያብጥ፣ ወንበሩ ቢለምነው፣ ይቆማል። ባለቤቱም እንግዳ ቆሞበት እንዴት ሆዱ ይችላል? የሽምግልና ምሥጢር ምላስ ሳይሆን ጉልበት ነው።

«በሉ ተናገሩ» አለ።

ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ እንደ ወትሮዬ፣ ከሃያ ጎረምሳ በላይ ያጋባሁበትን፣ ከአፌ ያልተለየውን ቃል አወጣሁት። «ልጅህን ማህሌትን ፈልገን ነው የመጣነው።»

በእግዚአብሔር ይሁንብኝ፣ ተንኮል አላሰብኩም። አፌ የለመደውን ነው የተናገረው። ደምሰው ግን ከቆመበት ተፈናጠረ። «ምን? ልጄን? ገና ተማሪ የሆነችውን? ማን ነው የላካችሁ? ተዉት፣ አትንገሩኝ፣ ስሙን መስማት አልፈልግም! አንተ ደግሞ ጓደኛዬ ሆነህ! እኔ እንደ ድሮ አባት ልጄን እንደ በግ አስሬ ለሰው የምሰጥ መሰልኳችሁ? ሕይወቷ የራሷ ነው! የምትፈልገውን የምትመርጠው እሷ ናት፤ እኔ አይደለሁም፣ እናንተም አይደላችሁም፣ ዘመድም አይደለም! እሷ ወድዳ የመረጠችውን እኔ መርቄ ከመስጠት በቀር አንዲት ቃል አልናገርም!»

እኔ ወደ በሩ ማየት ጀመርኩ። ሐጂ ግን ነጋዴ ናቸው፤ ዕቃ ከእጅ ሲወድቅ አይተው ሳያነሱ አያልፉም። ቀስ ብለው፣ «ደምሰው፣ ይህን ቃል በፈጣሪ ስም ነው የምትለን?» አሉት።

«በእመቤቴ ማርያም ስም!»

«እሷ ራሷ የመረጠችውን ትመርቃለህ?»

«በማርያም አልኩ እኮ!»

«እንግዲያው» አሉ ሐጂ፣ «የላከችን ራሷ ናት። የመረጠችውም ያንን ቴአትር ነው።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። የደምሰውን ፊት ብታዩት! ወደ ሚስቱ ዞረ፤ አስቴር ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች፣ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ጎጎ ኖምሳ ጆሮዬ ጋ ጠጋ ብላ በዙሉ፣ «እሺ አለ አይደል?» አለችኝ። እንዴት አወቅሽ ብላት፣ «ሲሸነፍ ያየሁት ወንድ ብዙ ነው» አለችኝ።

«ይሄ ሽምግልና አይደለም፤ ወጥመድ ነው!» አለ ደምሰው። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ ልጁን ጠራት። ማህሌት ከጓዳ ወጥታ ቆመች።

«አንቺ ነሽ የላክሻቸው?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«ለምን እኔን ራሴን አልጠየቅሽኝም?»

«ጠየቅኩህ እኮ። ልጅህ ሆኜ ስጠይቅህ እምቢ አልከኝ። ለሽማግሌ እምቢ እንደማይባል ያስተማርከኝ ግን አንተ ነህ።» ዓይኗ አልወረደም። «አባዬ፣ አንተ እኔን ለማኖር አንገትህን ደፍተሃል። አውቃለሁ። እኔ ግን የተወለድኩት እዚህ ነው። የት ሄጄ ነው ቀና የምለው?»

ደምሰው በመጨረሻ፣ «ሄጄ ፈቅጃለሁ እላለሁ። ምያለሁ። ለማየት ግን አትጥሩኝ፤ እግሬን አላነሳም። እናንተ ደግሞ ዋስ ናችሁ፤ አንድ ነገር ቢደርስባት ከናንተ ራስ አልወርድም» ብሎ ወንበሩን አመለከተን። ያን ጊዜ ተቀመጥን። ማህሌት ዞራ እናቷ ትከሻ ላይ ተደፋች፤ በደስታ ሳይሆን አባቷ አላይም ስላላት እንደሆነ ኋላ ነግራኛለች።

ቃሉን ጠበቀ። ዓርብ ሄዶ ፈቀደ። ልጅቱም ተለማመደች፣ የመጀመሪያው ትርኢት ቀንም ደረሰ፤ ቅዳሜ ከሰዓት። ዋሶቹ ሦስታችንም ከአስቴር ጋር ቀድመን ሄድን። ሐጂን «ዘፈኑስ?» ብላቸው፣ «ዋስ ነኝ፤ ጆሮዬን ዘግቼ ዓይኔን አምጥቻለሁ» አሉኝ። በሩ ላይ ስንደርስ ማን ቆሞ ብናገኝ ጥሩ ነው? ደምሰው! በቅዳሜ ገበያ ሱቁን ዘግቶ፣ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ በላዩ ጋቢውን ደርቦ።

«አላይም ብለህ አልነበር?» አልኩት።

«ልጅቱን ላይ አልመጣሁም። ዋሶቹ ሥራቸውን መሥራታቸውን ላይ ነው» አለኝ። እሺ፣ ይሁንለት።

ታሪኩ አጭር ነው። በአንድ የማዕድን ሰፈር የሚኖር ቆፋሪ አንድ ልጅ አለችው። ልጅቷ ከተማ ሄዳ መዝፈን ትፈልጋለች፤ አባት በሩን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ጨምሯል። አባትየውን የሚጫወተው ገና ሃያ ዓመት የሞላው የማይመስል ቀጭን ልጅ ነው፤ አገጩ ላይ ነጭ ጢም ለጥፈውለታል። ልጅቷ ማህሌት ናት። መብራቱ ሲበራ እዚያ ትልቅ መድረክ ላይ ብቻዋን ቆማ ሳያት፣ በፊቷና በኛ መካከል ምንም ነገር እንደሌለ አየሁ። መረብ የለም፣ ቀዳዳ የለም፣ ሙሉ ልጅ ናት። ድምፅዋ ሲወጣ አስቴር እጄን ጨመቀችው። ደምሰው በግራዬ ነው፤ ሲተነፍስ አይሰማኝም።

አንድ ቦታ ላይ ልጅቷ አባቷ እግር ሥር ተንበርክካ በዘፈን ትለምነዋለች። ልቀቀኝ አትለውም፤ ሂጂ በለኝ ነው የምትለው። ሳትመርቀኝ ብወጣ መንገዱ አይቀናኝም ትለዋለች። ባለ ጢሙ አባት በእንግሊዝኛ «ፈጽሞ!» ብሎ ይጮኽና ጀርባውን ይሰጣታል። እሷ ተንበርክካ ዘፈኗን ትቀጥላለች።

በዚህ መሀል ደምሰው ከወንበሩ ተነሳ።

ሊወጣ ነው አልኩ። ጥሏት ሊወጣ ነው፤ ወይም ወጥቶ ጎትቶ ሊያወርዳት ነው፤ ልጅቱ አንድ ቀን ልቁም ብላ የለመነችው ቀን ዛሬ ነው፣ አበቃላት። ጋቢውን ያዝኩት። «ተቀመጥ!» አልኩት በሹክሹክታ።

አልወጣም። ጋቢውን ከእጄ አላቆ አጣፋው። እጆቹን አመሳቀለ። ባለ ጢሙን ልጅ ትክ ብሎ እያየ፣ «ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ ይቀመጣል እንዴ?» አለኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ሐጂ ሸምሱ ግን ገባቸው፤ ጆሮዬን ዘግቻለሁ ያሉት ሰውዬ ካፖርታቸውን አስተካክለው ተነሱ። ጎጎ ኖምሳ ከዘራዋን ተደግፋ ተነሳች። እኔ፣ ስም ያለኝ ሽማግሌ፣ የመጨረሻው ሆንኩ። ከኋላችን «ተቀመጡ! አላየንም!» የሚል ማጉረምረም መጣ። አስተናባሪው የእጅ መብራቱን እያብለጨለጨ ደረሰ። ጎጎ በዙሉ፣ «ልጄ፣ አንድ ነገር እየለመንን ነው፤ አንተ እናት የለህም?» አለችው። ኤይሽ! የእናት ነገር ሲመጣ እዚህ አገርም ወንዱ ሁሉ ይረታል። ልጁ ራሱን እየነቀነቀ ወስዶ ሰው በማንጋርድበት ጎን ግድግዳውን አስደግፎ አቆመን። ደምሰው መቆሙን እንጂ ቦታውን አልተከራከረም።

ማህሌት አየችን። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ነገሩ የገባት እሷ ብቻ ናት። ለትንፋሽ ያህል ዘፈኑ የተቋረጠ መሰለኝ። ከዚያ ከተንበረከከችበት ተነሳች። ዘፈኑን፣ እስከ መጨረሻው ተንበርክካ እንድትጨርሰው ያለማመዷትን ዘፈን፣ ቀጥ ብላ ቆማ ጨረሰችው። ኋላ አዘጋጅዋ ምን ነካሽ ብትላት፣ «አባቴ ቆሞልኝ እንዴት ልንበርከክ?» አለቻት አሉ። አዘጋጅዋ ምን እንደገባት አላውቅም፤ ከዚያ ወዲህ ግን በየትርኢቱ ያንን ዘፈን ቆማ ነው የምትዘፍነው።

ችግሩ ባለ ጢሙ አባት ልቡ የሚራራው ከዕረፍት በኋላ መሆኑ ነው። ሰው ሁሉ ወጥቶ ሻይ ጠጥቶ ተመለሰ፤ እኛ ግድግዳችንን ይዘን ቆመናል። ሐጂ ጉልበታቸውን ያሻሉ። አስቴር «እባክህ ለሽማግሌዎቹ እዘን» ስትለው ደምሰው፣ «እኔ ምን ላድርግ? እሱ ነው ልቡን ያደነደነው» አላት። በመጨረሻ፣ ሊያልቅ ሲል፣ ባለ ጢሙ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ልጅቷ እጅ ላይ አኖረው። ዘፈኑ ከፍ አለ፣ መብራቱ በራ፣ አዳራሹ ሙሉ ተነስቶ በጭብጨባ ተናወጠ። ሰው ሁሉ በተነሳበት በዚያች ሰዓት ደምሰው አጠገቡ ያገኘው ባዶ ወንበር ላይ ተቀመጠና በጋቢው ጫፍ ፊቱን ሸፈነ።

ስንወጣ፣ «ደረቅ አባት!» አለኝ። «ለአንዲት ልጅ ያን ያህል? ምን ዓይነት ጭካኔ ነው?» ዓይኑን አየሁት። አላፈረም። ሽማግሌ ጉዳዩ ከተፈጸመለት የሆነውን አያነሳም።

ደጅ ላይ ማህሌት ሮጣ ወጥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። በኋላ ያ ቀጭን ልጅ ጢሙን በእጁ ይዞ ብቅ አለ። ደምሰው ማህሌትን ትቶ ወደ እሱ ሄደ። ከልጁ ብዙም ለማይበልጠው ጎረምሳ ጎንበስ ብሎ፣ በሁለት እጁ ጨበጠውና በተሰባበረ ዙሉው፣ «ባባ፣ ልጄን ስለፈቀድክላት አመሰግንሃለሁ» አለው።

ልጁ ጢሙን አየ፣ ደምሰውን አየ። «ሻርፕ፣ ባባ» አለው፣ እሺ አባባ ማለቱ ነው፤ «በሚቀጥለው ቅዳሜም እፈቅዳለሁ።»

«እንግዲያው እኛም መጥተን እንቆማለን» አለ ደምሰው።